ስኳርና ደም ግፊት አንድ ላይ ላለበት ሰው፦ የእግርን ነርቭ በቤት የመከታተያና የመጠበቂያ ዝርዝር መመሪያ

ስኳርም ግፊትም ያለባቸው ብዙ ሰዎች እግራቸውን የሚያዩት ሲያማቸው ብቻ ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሁለቱ በሽታዎች ሲደራረቡ ከሚነጥቁት ነገር አንዱ ሕመምን የመስማት ችሎታ ነው፤ ነርቡ የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢረግጥም ለባለቤቱ አይነግረውም። ለወራት ሌሊት ሌሊት ሲለበለብ የኖረ ውስጥ እግር አንድ ቀን ጸጥ ሲል «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ይባላል። ስኳሩም ግፊቱም እንደ በፊቱ ሆኖ ማቃጠሉ ብቻ ከጠፋ ግን ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለው ነርቡ ስለሞተ ነው። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ሁሉ የሚሠራው በዓይን፣ በእጅና በቁጥር ነው። «ይሰማኛል፣ አይሰማኝም» በሚል ግምት እግር አይጠበቅም።

መመሪያው ሐኪምን አይተካም፤ የመድኃኒት መጠን የሚቀይረው እሱ ነው። በሁለት ቀጠሮ መካከል ያሉትን ቀናት የሚጠብቁት ግን እርስዎና ቤተሰብዎ ናችሁ።

ሁለቱ አንድ ላይ ነርቭን እንዴት ይጎዳሉ?

ነርቭ የሚኖረው በደም ነው። በዙሪያውና በውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይመግቡታል። ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ወደ ነርቡ ገብቶ ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ይለወጥና ሴሉን ከውስጥ ያውከዋል፤ የቀጫጭኖቹን ደም ሥሮች ግድግዳም ያወፍራል። ግፊት ደግሞ እነዚያኑ ደም ሥሮች ያጠነክራል፣ ያጠባል። ነርቡ በአንድ በኩል እየተመረዘ በሌላ በኩል ኦክስጅን ያጥረዋል ማለት ነው። አንዱን ብቻ አስተካክሎ ሌላውን መተው የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚጎዳው ረጅሙ ነርቭ ነው። ከወገብ ተነሥቶ የእግር ጣት ጫፍ ድረስ የሚሄደው አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። መደንዘዙ ከጣቶች ተነሥቶ ካልሲ እንደሚለበስ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ደግሞ የእጅ ጣቶች የሚጀምራቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ በድንገት ከመጣ ወይም ከጣት ሳይሆን ከወገብ ወይም ከጭን ከጀመረ ስኳር ነው ብለው አይለፉት፤ ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ይመርመሩ።

ጉዳቱ በስሜት ብቻ አያበቃም። ላብ የሚያመነጩት ነርቮች ሲጎዱ የእግር ቆዳ ይደርቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ሲነሡ ግፊትን የሚያስተካክሉት ሲጎዱ ደግሞ ብድግ ሲሉ ዓይን ይጨልማል።

ዝግጅት፦ ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎ

- በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠቀለል የግፊት መለኪያ። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ይሳሳታል። የሚጠቀለለው ጨርቅ ለክንድዎ ከጠበበ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ወፍራም ክንድ ካለዎት ሰፊውን ይጠይቁ።
- የስኳር መለኪያ፣ ጊዜው ያላለፈበት መመርመሪያ ወረቀት (ስትሪፕ) ጋር። የወረቀቱ ብልቃጥ ክዳን ሁልጊዜ ይዘጋ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።
- መዳፍ የሚያክል መስታወት፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ።
- ነጭ ወይም ነጣ ያለ የጥጥ ካልሲ። ደምና መግል የሚታየው በነጭ ላይ ነው፤ ጥቁር ካልሲ ቁስልን ለቀናት ይደብቃል።
- ቫዝሊን፣ የጥፍር መቁረጫና ሞረድ፣ ንጹሕ ጎዝና ፋሻ።
- ደብተር። በየገጹ ቀን፣ ስኳር፣ ግፊት ተቀምጦ፣ ግፊት ቆሞ፣ እግር የሚሉ አምስት ዓምዶች ያስምሩ።
- የሚረዳዎ አንድ ሰው። ዓይን ከደከመ ወይም ወገብ ካልታጠፈ ይህ ግዴታ ነው። ስኳር ዓይንንም ስለሚጎዳ «በደንብ ይታየኛል» ማለት አያስተማምንም።

ደረጃ 1፦ የስድስት ጣት ንክኪ ምርመራ

ይህ ምርመራ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በወር አንድ ቀን ይሥሩት። ለራስ አይሠራም፤ ሌላ ሰው ይንካዎት።

1. ጫማና ካልሲ አውልቀው በጀርባዎ ይተኙ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።
2. ነኪው ቀኙንና ግራውን እግር በእጁ እየነካ «ይህ ቀኝዎ ነው፣ ይህ ግራዎ ነው» ይበል። ግራ መጋባት የሚመጣው ይህ ሲዘለል ነው።
3. ነኪው በሌባ ጣቱ ጫፍ የጣትዎን ጫፍ ቀስ አድርጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ይንካ። ቅደም ተከተሉ፦ የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፣ የቀኝ መካከለኛ፣ የግራ መካከለኛ።
4. በተሰማዎ ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ያልተሰማው ጣት ሁለተኛ አይነካም፤ «አልተሰማም» ተብሎ ይጻፍና ይታለፋል።

ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማዎ ስሜትዎ ቀንሷል ማለት ነው። ቀጠሮዎን አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ይሂዱና «በናይለን ክርና በሚንቀጠቀጠው ሹካ መሰል ብረት እግሬን ይመርምሩልኝ» ይበሉ። ሐኪም ቤት ያለው ክር ጎበጥ እስኪል ሲጫኑት የ10 ግራም ጫና የሚሰጥ ነው፤ ያንን አለመስማት እግሩ ቁስልን እንደማያውቅ ያረጋግጣል።

የት ይበላሻል? ነኪው ይጫናል፣ ይቧጥጣል ወይም ያሻሻል። ያኔ ጣት ያልሰማውን መገጣጠሚያና ጡንቻ ይሰማዋል፤ ውጤቱም በሐሰት «ደህና» ይሆናል። ንክኪው ዝንብ ያረፈች ያህል ይቅለል። ሌላው ስሕተት በዘመድ ደግነት «አሁንስ?» እያሉ መጠየቅ ነው፤ ያ መልሱን ይመራል። በዝምታ ይነካ።

ምርመራው ደህና ቢልም በዓመት አንድ ጊዜ የሐኪም የእግር ምርመራ አይቀርም። በዐዋቂነት በሚጀምረው ስኳር ከታወቀበት ቀን አንሥቶ ነው፤ ሰውዬው ከመታወቁ በፊት ዓመታት በበሽታው ኖሮ ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 2፦ ግፊትን ተቀምጦም ቆሞም መለካት

አብዛኛው ሰው ተቀምጦ ለክቶ ይነሣል። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ግማሽ ሥራ ነው።

1. ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ከባድ ሥራ ይቅር። ሽንት ይሽኑ፤ የሞላ ፊኛ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል።
2. ጀርባዎን ወንበር አስደግፈው፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስረግጠው፣ ሳያጣምሩ 5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ዱካ ወይም አልጋ ጫፍ ጀርባ ስለማይደግፍ አይሆንም።
3. ክንድዎን በጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ ያሳርፉ። ጨርቁን በራቁት ክንድ ላይ፣ የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጠቅልሉ። የሹራብ እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልሎ ማጥበቅም ቁጥሩን ያበላሻል።
4. ሳይናገሩ ይለኩ፤ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይድገሙ። ሁለቱንም ይጻፉ።
5. አሁን ይነሡ። በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ቆመው እንደገና ይለኩ። አጠገብዎ የሚይዝዎ ሰው ወይም ጠንካራ ነገር ይኑር።

ከቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት ለሰባት ቀን ጠዋት መድኃኒት ሳይውጡና ማታ ይለኩ፤ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ከሂሳብ አይገባም። ስኳርና ግፊት ላለበት ለአብዛኛው ሰው የሚፈለገው ከ130/80 በታች ነው። በጣም ለሸመገለ ወይም ሲነሣ ለሚወድቅ ሰው ሐኪሙ ከፍ ያለ ቁጥር ሊወስን ይችላል።

ቆመው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ግፊት የሚያስተካክለው ነርቭ ተጎድቶ ወይም መድኃኒቱ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ተቀምጠው 150 ሆነው ቆመው 115 የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ሐኪሙ የተቀመጡበትን ብቻ አይቶ መድኃኒት ከጨመረ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ። ስለዚህ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። እስከዚያ ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትዎን አሥር ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፣ ሁለት ደቂቃ ጫፉ ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ጨው በውሃ በጥብጠውም አይጠጡ።

ደረጃ 3፦ ስኳርን መለካት

እጅዎን በሳሙናና በውሃ ታጥበው ያድርቁ። ብርቱካን ወይም ሙዝ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ቢለካ መሣሪያው የሚያነበው የፍሬውን ስኳር ነው። የጣቱን መሃል ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፤ ሕመሙ ያንሳል፣ ጣቱም ቶሎ አይደድርም። አጥብቀው አይጭመቁ።

የብዙ ዐዋቂዎች ግብ (በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲለካ) በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ ደግሞ ከ7 በመቶ በታች። ለነርቭ ትልቁ ዳኛ ይህ የሦስት ወር ቁጥር ነው። በቀጠሮ ዋዜማ ራት ትቶ ጠዋት 110 ማስመዝገብ ሐኪሙን ሊያታልል ይችላል፤ ነርቡን ግን አያታልልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነገረው ማስጠንቀቂያ አለ። ለዓመታት 12 እና 13 በመቶ የነበረ ኤ ዋን ሲ በሦስት ወር ውስጥ ከ2 ወይም ከ3 ነጥብ በላይ በችኮላ ሲወርድ፣ እግር በድንገት አጥብቆ ሊያቃጥል ይችላል። ሰውዬው «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ብሎ ያቆመዋል፤ ጉዳቱም ይብሳል። እንዲህ ከሆነብዎ አያቁሙ፤ ሐኪሙ ፍጥነቱን እንዲያስተካክልና ለሕመሙ ማስታገሻ እንዲሰጥዎ ይንገሩት። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይቀንሳል። በችኮላ መውረዱ ዓይንንም ስለሚያስቸግር የዓይን ምርመራ በዚያው ይጠይቁ።

ስኳር ከ70 በታች ከወረደ፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ስኳር አልባ ያልሆነውን) ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ፤ ከወጣ በኋላ ምግብ ይብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ደረጃ 4፦ የየማታው የእግር ፍተሻ

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው ይህ ነው። ጥርስ ከመታጠብ ጋር ያያይዙት። ጠዋት ሳይሆን ማታ የሚሆነው የቀኑ ጫማ ያደረሰውን ጉዳት በዚያው ሌሊት ለመያዝ ነው።

1. ካልሲውን ሲያወልቁ ከእግሩ በፊት ካልሲውን ይዩ። በውስጡ ያለች የሳንቲም ያህል ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ቁስሉ የት እንዳለ ትጠቁማለች።
2. መብራት አብርተው ጣቶችዎን አንድ በአንድ ፈልቀቅ ያድርጉ። ነጭ፣ የራሰና የሚላጥ ቆዳ ፈንገስ ነው፤ ስንጥቁ የባክቴሪያ መግቢያ በር ስለሆነ ይታከም።
3. መስታወቱን መሬት አስቀምጠው ውስጥ እግርዎን ከላዩ ይያዙ። አትኩረው የሚያዩት የአውራ ጣትን ሥርና ኳሱን፣ የጣቶቹን ጫፍና ተረከዙን ነው፤ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነው።
4. የደደረ ቆዳ ካለ ቀለሙን ይዩ። በመሃሉ ጥቁር ወይም ቀይ ጥላ ከታየ ከሥሩ ደም ቋጥሯል ማለት ነው፤ ከላይ ደረቅ፣ ከታች ቁስል። ምላጭ እንዳያነሡ፤ ለሐኪም ያሳዩ።
5. በእጅዎ ጀርባ ሁለቱንም እግሮች በተመሳሳይ ቦታ እየነኩ ያወዳድሩ። አንደኛው ከሌላው የሞቀ ከሆነ ይጻፉት፤ በማግስቱም ከሞቀ ይሂዱ። አንደኛው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ የገረጣ ወይም የጠቆረ ከሆነ ግን የደም ዝውውሩ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

አንድ እግር ያለ ቁስል በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሞቆ ብዙም ካላመመ፣ ሰው ሁሉ «ወለምታ ነው» ይላል፤ ወጌሻ ጋ ይወሰድና ይታሻል። ይህ ነርቡ በሞተ እግር ውስጥ አጥንቶቹ እየተሰባበሩ ያለበት ሁኔታ ሊሆን ይችላል። እንዳይታሽ፣ እንዳይረገጥበትም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ በጊዜ በጄሶ ከታሰረ የእግሩ ቅርጽ ይተርፋል።

ደረጃ 5፦ መታጠብ፣ ቅባትና ጥፍር

ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፤ ሙቀቱን በክርንዎ ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለኩ እንጂ በእግርዎ አይሞክሩት። «ድካም ያወጣል» ተብሎ በጨውና በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ለእነዚህ እግሮች አደጋ ነው፤ ደረቁን ቆዳ የባሰ ያደርቀዋል፣ ያልተሰማ ቃጠሎም ያመጣል። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል እስኪደርቅ ያብሱ። ቫዝሊን ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ፣ እርጥበት ፈንገስ ይጋብዛል።

ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል። ጥግ ጥጉን ገብቶ መቁረጥ ጥፍሩን ሥጋ ውስጥ ይተክላል። ስሜት የሌለው እግር ጥፍር በራሱ በባለቤቱ ባይቆረጥ ይሻላል።

ማሞቂያ የሚባል ነገር ከእግር ይራቅ። ቡና ሲፈላ እግርን ወደ ከሰሉ ዘርግቶ መቀመጥ፣ በቆላ ሙቀት የጋለ ድንጋይ መርገጥ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ወይም በቤት ማሞቂያ ላይ እግርን ማሳረፍ፣ በዓረብ አገር ቀትር ላይ በባዶ እግር እብነ በረድና አስፋልት መርገጥ፣ ሁሉም ያው ናቸው፦ ቆዳው ይቃጠላል፣ ባለቤቱ አይሰማም፣ ማታ ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። ከበረደዎት ወፍራም ካልሲ ይልበሱ።

ደረጃ 6፦ ጫማ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ

ጫማ ከሰዓት በኋላ ይግዙ፤ እግር ሲውል ያብጣል። ቆመው ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ቦታ ይቅር። ስሜት የሌለው እግር የጠበበ ጫማን «ልክ ነው» ስለሚል በስሜት አይምረጡ፦ ወረቀት ላይ ቆመው እግርዎን ያስነድፉ፣ ቆርጠው ጫማው ውስጥ ይክተቱት፤ ወረቀቱ ከተጨማደደ ጫማው ጠባብ ነው። በአውራ ጣትና በሁለተኛው መካከል ጠፍር የሚያልፍበት ነጠላ ጫማ እዚያ ቆዳውን ይልጣል፤ ሰፊ ማሰሪያ ያለውን ይምረጡ። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሁለት ሰዓት አያልፍም፤ አውልቀው የቀላ ቦታ ይፈልጉ።

ሁልጊዜ ከመጫማትዎ በፊት እጅዎን ከትተው ይዳስሱ፤ ጠጠር፣ የታጠፈ ገበር፣ ብቅ ያለ ሚስማር። ይህ አሥር ሴኮንድ የሚወስድ ልማድ ስንት እግር ያድናል።

ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ። ጫማ በሚወለቅበት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ እግር የማያጠብቅ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ያድርጉ፤ ሲመለሱ ወዲያው እግርዎን ይፈትሹ። በባዶ እግር የሚደረግ ረጅም የንግሥ ጉዞ ካለ በሽታዎን ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። ጸበል ሲገቡ መድኃኒትዎን ይዘው ይግቡ፣ ሳያቋርጡም ይውሰዱ፤ ከጸበሉ ሲወጡ በጣቶችዎ መካከል ያድርቁ።

ደረጃ 7፦ ጨውና ጾም

የቀን ጨው ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም አይለፍ። ብዙ ሰው ወጥ ላይ የሚጨምረውን ብቻ ይቆጥራል። በሽሮ ዱቄቱ፣ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣውና በዳቦው ያለው ሳይቆጠር ይቀራል። መፍትሔው ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጅ ያለ ጨው ማስፈጨትና ጨዉን ወጥ ላይ ብቻ፣ ለክቶ መጨመር ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሲቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ በረመዳንም እንዲሁ። ነርቡ የተጎዳ ሰው ደግሞ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ላይሰማ ስለሚችል ሳያውቅ ይወድቃል። ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመው የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙ በዚያች ቅጽበት ይፈታል።

ደረጃ 8፦ የመድኃኒት ከረጢትዎን መፈተሽ

የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተቀበሉትንም ጭምር፣ በከረጢት ይዘው ለሐኪም ያሳዩ። በተለይ ስለእነዚህ ይጠይቁ።

ሜትፎርሚን። ይህ የስኳር እንክብል ለዓመታት ሲወሰድ ቢ 12 የተባለውን ቫይታሚን ሊያሳንስ ይችላል፤ የዚህ ቫይታሚን ማነስ ብቻውን ልክ እንደ ስኳር እግርን ያደነዝዛል። ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስለሚያጠራቅም አንድ ጾም ብቻውን አያጎድልም፤ ዓመቱን ሙሉ አጽዋማትን አክብሮ ለብዙ ዓመት ሜትፎርሚን የወሰደ ሰው ግን ደሙ መለካት አለበት። ከተገኘ በቀላሉ የሚታከም ነገር ነው፤ በስኳር ተሳቦ ሳይታይ ማለፉ ያሳዝናል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ለእግር ማቃጠል ከፋርማሲ የሚገዙት ብዙ ጊዜ እነዚህን ነው። የነርቭን ሕመም አያስታግሱም ማለት ይቻላል፤ ግፊትን ይጨምራሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው ከዚህ የባሰ ልውውጥ የለም።

የነርቭ ሕመም ማስታገሻዎች። አሚትሪፕቲሊን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ማታ ይጀመራል፤ ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳልና በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው አይተዉት። ሲነሡ ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል በደረጃ 2 የጻፉትን የቆመ ቁጥር አስቀድመው ያሳዩ፤ የልብ ችግር ወይም ሽንት የመቋጠር ችግር ካለም ይናገሩ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ያደክማሉ፣ እግር ሊያሳብጡ ይችላሉ፤ ኩላሊት ከደከመ መጠናቸው ይቀነሳል። ሁሉም ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ ነርቡን አይጠግኑም።

የግፊት መድኃኒቶች። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ትናንት ልክ የነበረው ጫማ ዛሬ ጠባብ ይሆናል፣ የደነዘዘ እግር ግን አይነግርዎትም፤ አምሎዲፒን ሲጀመር ወይም ሲጨመር የወረቀቱን የጫማ ፍተሻ ይድገሙ። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን መንቀጥቀጥና የልብ ምት ይሸፍናሉ፤ ላቡ ግን ይቀራል፣ ያለ ምክንያት ካላበዎ ይለኩ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣብዎ ራስዎ አያቁሙት፤ ለኩላሊት የሚጠቅም ስለሆነ ሐኪሙ ተመሳሳይ ጥቅም ያለው ይተካልዎታል።

የቢ ቫይታሚን መርፌና እንክብል። እጥረት ለሌለበት ሰው በስኳር የተጎዳን ነርቭ አይመልስም። ቢ 6 ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አይሶናያዚድ ለሚወስድ ግን ቢ 6 በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ እሱን አይተዉ። አረቄና ሌላም መጠጥ ነርቭን በራሱ ይመርዛል።

ቁስል ካገኙ

1. ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚያ እግር መራመድ ይቀንሱ። ሕመም ስለሌለ መርገጥ መቀጠሉ ቁስሉን እንዳይድን የሚያደርገው ትልቁ ምክንያት ነው።
2. በንጹሕ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ወይም ግሉኮስ በሌለበት የፋርማሲ የጨው ፈሳሽ (ኖርማል ሳላይን) ያጥቡ፤ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነው ላላ አድርገው በፋሻ ይጠቅልሉ።
3. አልኮል፣ ቡና ዱቄት፣ ቅጠል፣ ማርና የአንቲባዮቲክ ዱቄት አይጨምሩ። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ።
4. በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ሳንቲም አጠገቡ ያስቀምጡ፣ ስፋቱ እንዲታወቅ።
5. ጭረት ቢሆንም በ24 ሰዓት ውስጥ ለባለሙያ ያሳዩ። «ትንሽ ናት» የሚለው ቃል ለዚህ እግር አይሠራም።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ከቁስል መግል፣ ሽታ፣ የሚስፋፋ መቅላት፤ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት።
- የጠቆረ ጣት ወይም ቀዝቅዞ የገረጣ እግር።
- በቁስል ውስጥ የሚታይ ነጭ ጠንካራ ነገር፤ አጥንት ሊሆን ይችላል።
- ግፊት ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ።
- የአንድ ወገን ፊት፣ እጅ ወይም እግር በድንገት መስነፍ፣ አንደበት መተሳሰር። ይህ የነርቭ መደንዘዝ አይደለም፤ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መድማት ሊሆን ይችላልና ደቂቃም አይባክን።
- ያለ ደረት ሕመም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ከባድ ድካም። የልብ ነርቡ የተጎዳ ሰው የልቡ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ደረቱን ላያመው ይችላል።

ሆስፒታል ሲደርሱ ደብተሩንና የመድኃኒት ከረጢቱን ያቅርቡ፤ ቁስሉ የታየበትን ቀን ይናገሩ፤ ሐኪሙ ካልጠየቀዎት የሁለቱንም እግር ካልሲ አውልቀው ራስዎ ያሳዩ።